የቀይ ባሕርን ደብተር የገለጡት መምህር

ልብስ የሚነግድ ሁሉ ላለሊን ያውቃል። ራሱ ኢስታንቡል ባይሄድ እንኳ ዕቃው ከዚያ ሰፈር ተጭኖ መጥቶለታል። እኔ በዓመት ሁለቴ፣ ገበያ ከሞቀ ሦስቴ እሄዳለሁ። ትራሙ በሚያልፍበት በኦርዱ ጎዳና ላይ ተማሪዎች የሚገቡበትና የሚወጡበት አንድ ትልቅ ሕንፃ አለ። ለስንት ዓመት በሁለት እጄ ፌስታል አንጠልጥዬ፣ የደርዘኑን ዋጋ በልቤ ወደ ጅቡቲ ፍራንክ እየመነዘርኩ በፊቱ አልፌያለሁ። የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ መሆኑን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። የምጽዋን፣ የሱዋኪንንና የዘይላን የቱርክ ዘመን ታሪክ ከመዝገብ ቆፍረው ያወጡ ሰው እዚያ ያስተምሩ እንደነበርም ያኔ ነው የሰማሁት። ስማቸው ጄንጊዝ ኦርሆንሉ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ቃል ነው። ካርጎ ቤት ጭነቴ እስኪመዘን ተቀምጬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳይ «ጉምሩክ» የሚል ቃል አገኘሁ። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ያው ጉምሩክ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሚዛኑ ዘንድ የቆመው ልጅ «አብላ፣ ቱርክኛ ትችያለሽ እንዴ?» አለኝ። የለም፣ ይሄማ አማርኛ ነው አልኩት። የእኛ ነው አለ። የእኛ ነው አልኩ። ሁለታችንም ትንሽ የተቀያየምን መሰለኝ። የገላገለችን እዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ቅዳሜና እሑድ ለእኛ ለነጋዴዎቹ የምታስተረጉም የደሴ ልጅ ናት። «እትዬ፣ እሱ ልክ ነው» አለችኝ። ቃሉ ከቱርክኛ ተነስቶ በዐረቦች በኩል በቀይ ባሕር ወደቦች ወደ እኛ ገባ። ቱርኮቹም ከግሪኮች ወስደውት ነው፤ ግሪኮቹ ደግሞ ከሮማውያን። ሮማውያን ዘንድ «ኮሜርኪዩም» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ ንግድ ማለት ነው።

ሳቄ መጣ። የእኔ ዲፕሎማ የኮሜርስ ነው። ለካ ግድግዳዬ ላይ በመስተዋት የሰቀልኩት ቃልና በጋላፊ በኩል ጭነት ባሳለፍኩ ቁጥር ደሜን የሚያፈላው ቃል አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። አንዱ በሮም፣ ሌላው በኢስታንቡል ዞሮ መጣ።

ልጅቱ ስለ ኦርሆንሉ የነገረችኝ የዚያን ቀን ነው። ከሥራ በኋላ ከባያዚድ መስጊድ አጠገብ ወዳለው የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ወሰደችኝና መጽሐፋቸውን ፈልጋ አገኘችልኝ፤ በ1996 አንካራ ላይ በቱርክ ታሪክ ማኅበር እንደገና የታተመው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) የመጽሐፉ ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የኦስማን መንግሥት የደቡብ ፖለቲካ፤ የሐበሻ ኤያሌት» እንደማለት ነው፤ ኤያሌት የሚሉት ጠቅላይ ግዛትን ነው። እኔ ቱርክኛዬ ከዋጋ ክርክር አያልፍም። ልጅቱ ግን ወራት ፈጅታ ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበች ፍሬ ነገሩን በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ እኔም ሱቅ ውስጥ ሰው በማይኖርበት በምሳ ሰዓት ሙቀት እየሰማሁ በደብተር ያዝኩ። ቀጥሎ የምጽፈው ከዚያ ደብተር ነው።

ኦርሆንሉ የተወለዱት በ1927 ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1928፣ የቱርክ መንግሥት የዐረብኛውን ፊደል ትቶ የላቲኑን ወሰደ። ስለዚህ የእሳቸው ትውልድ ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ የለመደው በአዲሱ ፊደል ነው፤ አያቶቹ የጻፉትን ለማንበብ እንደ ባዕድ ቋንቋ አዲስ መማር ነበረበት። ታሪክ አጥኚ ለመሆን የፈለገ ደግሞ ከዚያም ያለፈ ጣጣ ነበረበት። የኦስማን የገንዘብ መዝገቦች ብዙውን ጊዜ «ስያቃት» በሚባል ጽሕፈት ነው የተያዙት፤ ነጥቡ የተተወ፣ ፊደሉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ከሒሳብ ሠራተኞቹ በቀር ሌላ ሰው እንዳያነበው ታስቦ የተጻፈ የሚመስል ነገር ነው። የአንዳንድ ፈታሽ መኰንን የእጅ ጽሕፈት ፊት ቆሞ «ይሄ ሰባት ነው ወይስ አንድ?» ያለ ሰው ችግሩ ይገባዋል።

በዚያው ፋኩልቲ ተምረው፣ በዚያው አስተምረው ፕሮፌሰር ሆኑ። ስለ ሱልጣኖች ገድል ከመጻፍ ይልቅ የመረጡት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ትልቁ ሥራቸው፣ በ1963 የታተመው፣ ከ1691 እስከ 1696 መንግሥት ዘላን ጎሳዎችን በአንድ ቦታ ለማስፈር ስላደረገው ሙከራ ነው። በ1970 ያሳተሙት ደግሞ ዋና ሚኒስትሮች ለሱልጣኑ ያቀርቡ የነበሩትን አጫጭር ማስታወሻዎች ነው። በኢስታንቡል ስለነበሩ ጀልበኞች፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች ላይ ስለነበረው የዕቃ ማጓጓዝ፣ እንዲያውም የመንገድ ድንጋይ ስለሚያነጥፉ ባለሙያዎች ሁሉ ጽፈዋል። የትራንስፖርት ሰው ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ በ1967 የወጣው፣ ስለ «ደርበንድ» የጻፉት ነው። ደርበንድ ማለት የተራራ መተላለፊያ፣ ጠባብ በር ነው። የኦስማን መንግሥት በእንደዚህ ያለው ቦታ አጠገብ ያሉ መንደሮችን «መንገዱን፣ ድልድዩንና መንገደኛውን ጠብቁ፤ እኛ ደግሞ ከአንዳንድ ግብር ነፃ እናደርጋችኋለን» ይላቸው ነበር። ግን ውሉ በዚህ አያበቃም። ነጋዴ በእነሱ ክልል ከተዘረፈ የጠፋውን ዕቃ የሚተኩት እነሱው ናቸው። ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ መልእክቱን መልሼ መላልሼ ሰማሁት። የእኛን አገር የድሮ ኬላ አስቡት። ሲራራ ነጋዴ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር በየኬላው ይከፍል ነበር፤ ኬላው ይቀበላል፣ ከኬላው ማዶ ሽፍታ ቢዘርፈው ግን የኬላው በረኛ ምን ቸገረው? በደርበንድ ሕግ የሚጠብቀውና ዋስ የሚሆነው አንድ ሰው ነው። ሕጉ በወረቀት እንደተጻፈው ሁሉ በየቦታው ይሠራ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ኦርሆንሉም እንዲያ አላሉም፤ የተዘረፉትን አቤቱታ ያገኙትም ከዚያው መዝገብ ነው። ቢሆንም ሐሳቡ ራሱ ያስቀናል። በሚሌ መንገድ መኪናው ቆሞበት ያደረ ሹፌር ሲሰማው ምን እንደሚል አውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ እኛ ባሕር ዳርቻ እንምጣ። እኛ «ቱርክ» ሲባል የምናስታውሰው የኢማም አህመድን ዘመን ነው። እርግጥ ነው፣ ኢማሙ በ1542 ከየመን የኦስማን ገዥ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች መጥተውላቸዋል፤ በዚያ ኃይል የፖርቱጋሎቹን አዛዥ ክርስቶፎ ዳ ጋማን ድል አድርገው ገድለዋል፤ በ1543 ደግሞ ራሳቸው ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከልጅነታችን የሰማነው ታሪክ እዚህ ላይ ይቆማል። የኦርሆንሉ መጽሐፍ ግን የሚበረታው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1555 ሱልጣን ሱሌይማን «ሐበሻ» የሚባል አዲስ ግዛት አቋቁሞ ኦዝደሚር ፓሻን ገዥ አደረገው። ኦዝደሚር ቀድሞ የየመን ገዥ የነበረ፣ ትውልዱ ቼርኬስ የሆነ ወታደር ነው። በ1557 ምጽዋን ያዘ፤ ወደ ደጋው ወጥቶ ድባርዋ ላይ ምሽግ ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው በሕመም ሞተ። ቦታውን የወረሰው ልጁ ዑስማን ፓሻ ነው፤ ይህ ሰው ከሐበሻ ሹመት ተነስቶ እየወጣ እየወጣ በ1584 የኦስማን መንግሥት ዋና ሚኒስትር እስከመሆን ደርሷል። ከምጽዋ ሙቀት ተነስቶ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም።

ለምን መጡ? ኦርሆንሉ እንደሚሉት ነገሩ የሃይማኖት ጦርነት ብቻ አይደለም። ፖርቱጋሎች በህንድ ውቅያኖስ ገብተው የቅመሙን ንግድ ወደ ራሳቸው መንገድ እያዞሩት ነበር። ኦስማኖች በ1517 ግብፅን ይዘዋል፤ የመካና የመዲና ጠባቂዎችም ሆነዋል። ስለዚህ ቀይ ባሕር ለእነሱ የተዘጋ ግቢ እንዲሆን ፈለጉ። ግቢ ደግሞ በሁለት ወገን ካልታጠረ ግቢ አይባልም፤ በየመን በኩል የመን፣ በአፍሪካ በኩል ሱዋኪንና ምጽዋ። መጽሐፉ ላይ «የደቡብ ፖለቲካ» ያሉት ይህንን ነው።

ቀጥሎ ያለው እንደ ነጋዴ ሳስበው ያስገረመኝ ነው። በአብዛኛው የኦስማን ግዛት ወታደር የሚከፈለው በመሬት ነበር፤ የአንድ መንደር ግብር ይሰጠውና እሱን እየበላ ያገለግላል። በሐበሻ ግን የሚታደል መሬት አልነበረም። በእጃቸው የቀረው ደሴት፣ ወደብና በረሃ ነው። ስለዚህ ገዥውም ወታደሩም በጥሬ ገንዘብ ነበር የሚከፈላቸው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ ከወደብ ቀረጥ ነው፤ የምጽዋና የሱዋኪን ጉምሩክ። መርከብ ከገባ ደመወዝ አለ፤ ካልገባ የለም። ሲጎድል ከካይሮ ይጠየቃል። በእኛ ቋንቋ ለመናገር፣ ሐበሻ ኤያሌት ዋናው መሥሪያ ቤት የሚደጉመው፣ ለትርፉ ሳይሆን ለቦታው ሲባል ክፍት የተተወ ቅርንጫፍ ነበር። በጉምሩኩ የሚያልፈው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ነበር፤ ሰውም ነበር። ባሪያ እንደ ጆንያ ተቆጥሮ ቀረጥ ይከፈልበታል። ይህን አልፌው ብሄድ ከነጋዴዎች ታሪክ ቆንጆውን ብቻ መርጬ የነገርኳችሁ ይሆናል።

ደጋውን ለመያዝ ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም። የባሕር ነጋሹ ይስሐቅ ከቱርኮቹ ጋር ቢወዳጅም በ1570ዎቹ መጨረሻ ዐፄ ሠርጸ ድንግል ሁለቱንም ድል አድርገው ድባርዋን አስለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የኦስማን ሥልጣን ወደ ምጽዋ ደሴትና ወደ ሕርጊጎ ተሰበሰበ። እያደርም ሥራው በአገሬው ሹማምንት፣ «ናይብ» በሚባሉት እጅ ገባ፤ ግዛቱ ከጅዳ ጋር ተዳብሎ ስሙ ብቻ የቀረበት ጊዜም መጣ። አንዳንዱ የመጽሐፉን ሽፋን አይቶ «ቱርክ ሐበሻን ሦስት መቶ ዓመት ገዛ» ይላል፤ እንዲህ የሚል ሰው ላለሊ ውስጥም ገጥሞኛል፣ ሻይ እየጋበዘኝ። አልተስማማሁም። ስሙ ሐበሻ መሆኑ አገሩ ሐበሻ ነበር ማለት አይደለም። የሱቅ ስም «ኢንተርናሽናል» ሆኖ ከማርሼ ሪያድ የማያልፍ ስንት ነጋዴ አለ! የኦርሆንሉ መዝገቦች ራሳቸው የሚያሳዩት የቀረጥ መሰብሰቢያ ጣቢያዎችን ነው፤ ከእነሱ ጀርባ ያለው ተራራ በሌላ እጅ ነበር።

እዚህ ጅቡቲ ለምንኖር ደግሞ ቅርቡ ዘይላ ነው። ጅቡቲ ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት የሐረር ንግድ የሚወጣው በዘይላ ነበር። ዘይላ በ19ኛው መቶ ዓመት በየመን በኩል ላሉት ባለሥልጣኖች ትገብር ነበር፤ ገዥነቱም በጨረታ እንደሚያዝ የቀረጥ ኮንትራት ነው፤ በዓመት ይህን ያህል እከፍላለሁ ያለ ይይዘዋል፣ ከዚያ በላይ የሰበሰበው የራሱ ነው። መጀመሪያ ሸርማርኬ ዓሊ የሚባሉ የሱማሌ ነጋዴ ያዙት፤ በ1850ዎቹ ደግሞ ከታጁራ በኩል የመጡት የአፋሩ ተወላጅ አቡበክር ኢብራሂም ተተኩ። ሁለቱም ነጋዴዎች ነበሩ። በ1875 ሱልጣኑ በየዓመቱ ግብር እንዲከፈልበት ዘይላን ለግብፁ ከዲቭ አስተላለፈ፤ በዚያው ዓመት የግብፅ ጦር ሐረር ገባ፤ አቡበክርም የፓሻ ማዕረግ አገኙ። ከ10 ዓመት በኋላ ግብፆቹ ለቅቀው ወጡ፤ በዘይላ እንግሊዝ፣ በምጽዋ ጣሊያን፣ በዚህ በኩል ፈረንሳይ ቦታውን ያዙ። አሁን የምንነግድባቸው ድንበሮች የተሰመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

በ2019 እዚህ ከተማችን የተመረቀው፣ በቱርክ የተሠራው ትልቁ መስጊድ በሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ ስም ነው የተጠራው። ስሙን ከመስማት በቀር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ እኚህ ሱልጣን በ1904 ሳዲቅ ኤል ሙአየድ የሚባሉ ጄኔራል ወደ ዐፄ ምኒልክ ልከው ነበር። ሰውየው ጅቡቲ ከመርከብ ወርደው፣ ያኔ ገና አዲስ በነበረው ባቡር ድሬዳዋ ደርሰው፣ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ጉዟቸውንም በመጽሐፍ ጽፈውታል። ይህ ግን ከኦርሆንሉ መንገድ ወጣ ያለ ነው፤ እመለሳለሁ።

በ1972 ሮም ላይ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ኦርሆንሉ እዚያ ያቀረቡት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገሩ የቱርክ መዛግብትን የሚጠቁም ነው። ይህን እንደ ቀላል አላየሁትም። ሰው ለዓመታት ደክሞ ያገኘውን የዕቃ ምንጭ ለሌላ ነጋዴ አያሳይም፤ እኔ ራሴ ጥሩ ፋብሪካ ባገኝ ለጎረቤቴ አልናገርም፣ ዋሽቼ አልጻፍም። እሳቸው ግን ትልቁ መጽሐፋቸው ሳይወጣ ገና በዓለም የታወቁ የኢትዮጵያ አጥኚዎች በተሰበሰቡበት «መዝገቡ እዚህ አለ፣ ኑና ተመልከቱ» አሉ። ያኔ በግዕዝ ዜና መዋዕል የተጻፈው ጦርነቱን፣ በፖርቱጋሎቹ የተጻፈው ጀግንነታቸውን ይናገራል፤ ወታደሩ ስንት ይከፈለው እንደነበርና ከየትኛው ወደብ ገቢ እንደሚከፈለው የሚናገረው ሦስተኛው ወገን ወረቀት ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፤ የኢስታንቡሉም ቢሆን፣ ከኢስታንቡል የሚታየውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሕርጊጎ ላይ ሁለት ቀንድ ዝባድ ይዛ የቆመች ሴት በዚያ መዝገብ ውስጥ አትገኝም፤ የተገኘው የከፈለችው ቀረጥ ነው፣ ያውም ከሌላው ጋር ተደምሮ።

መጽሐፉ በ1974 በኢስታንቡል ታተመ። ኦርሆንሉ በ1976 አረፉ፤ ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም። ስለ ከተማና ስለ መጓጓዣ በየመጽሔቱ በትነውት የነበረውን ጽሑፍ የሥራ ባልደረባቸው ሳሊህ ኦዝባራን ሰብስበው በ1984 በአንድ ጥራዝ አወጡት። ልጅቱ ይህንን ስትነግረኝ እድሜዬን ቆጠርኩ።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር ትነግድ ነበር፤ ስንቶቻችን እናቶቻችን እንዲሁ አይደሉም? የብስኩት ቆርቆሮ ነበራት። ውስጡ የዕቃ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የሌሴ ፓሴ ቅዳጅ፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ፣ የተቀጣችበት ሁሉ ታጭቆበታል። ከካርቲየ ወደ ባልባላ ቤት ስንቀይር እኔ ዲፕሎማ ይዤ የመጣሁ አዋቂ ነኝ። «እማ፣ ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። «ይሄ የከፈልኩት ነው» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ወረቀቱን ከሰል ማቀጣጠያ አድርጋዋለች። ቆርቆሮው ለስኳር ሆነ።

ኦርሆንሉ አራት መቶ ዓመት ያለፈውን የምጽዋ ጉምሩክ ሒሳብ የጻፉት አንድ የማይታወቅ ጸሐፊ ወረቀቱን ስላልጣለ ነው። የእኛ የሠላሳ ዓመት የባቡር ንግድ በእናቴ እጅ ነበር፤ በምድጃ አለፈ፤ አስወጋጇ ደግሞ እኔ ነኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላ መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ ገጽ ለማስታወስ ያስገባችው አንድ ወረቀት አገኘሁ። የካቲት 1978 ዓ.ም. ይላል፣ በእኛው አቆጣጠር። ሁለት ቦንዳ ሳልቫጅ፣ 86 ኪሎ። ከታች ማኅተም አለ፣ ቀለሙ ሸሽቷል፤ ከማኅተሙ ጎን የተጻፈው መጠን 140 ይሁን 190 አልለይ አለኝ፤ ፊርማውንም ማንበብ አልቻልኩም። በድሮው ባቡር ላይ ዕቃ ክፍል የሠራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የሠራ ከሆነ፣ ማርሼ ሪያድ ጎራ ስትሉ አሳያችኋለሁ። መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ።